ከፍቺ በኋላ ልጅን ማየት፦ የወረኢሉ ወላጆች ፍርድ ቤት ሲሄዱ ሊያውቁት የሚገባ

ዒድ ሲመጣ በወረኢሉ አዲስ ልብስ የለበሱ ልጆች የአባታቸውን እጅ ይዘው ለሶላት ይወጣሉ። ወላጆቹ የተፋቱበት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የአንዱ ወገን ቁጣ እስኪበርድ ይጠብቃል። እናቱ ዘንድ ያለው አባቱን፣ አባቱ ዘንድ ያለው እናቱን ለማየት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ነገሩ የሚበላሸው ከመነሻው ነው። ጦላቅ ከተፈጸመ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ስለ መህር፣ ስለ ከብትና ስለ መሬት ይነጋገራሉ። ልጁ ማን ዘንድ እንደሚያድግም ይስማማሉ። ሌላኛው ወላጅ መቼና የት እንደሚያየው ግን ሳይነሳ ይቀራል። በኋላ ነፈቃ ሲዘገይ እናት ልጁን ትከለክላለች፤ አባትም ልጁን ተከለከልኩ ብሎ ነፈቃውን ያቆማል። እናት ለሥራ ወደ ሳዑዲ ስትሄድ ደግሞ ልጁ አያቶቹ ዘንድ ይቀራል፤ ድምፁን መስማት እንኳ የሚቻለው ስልኩን የያዘው ሰው ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የ1992ቱ የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 113 ላይ ፍቺ የሚወስን ፍርድ ቤት ወላጆችና ልጆች እርስ በርስ ስለሚጠያየቁበት ሁኔታም አብሮ እንዲወስን ያዛል። የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. የወጣ የራሱ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁ. 79) አለው። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎትም በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁ. 23632 በሰጠው ውሳኔ፣ ወላጅ መሆን ብቻውን በቂ አይደለም፣ ከሁሉ የሚቀድመው የልጁ ጥቅም ነው የሚል አቋም ይዟል።

ሸሪዓውም ልጅን የጠብ መሣሪያ ማድረግን አይፈቅድም። የአል-በቀራ ምዕራፍ 233ኛ አንቀጽ እናትም ሆነች አባት በልጃቸው ሰበብ እንዳይጎዱ ያስጠነቅቃል። በወሎ በሚሠራባቸው በሐነፊና በሻፊዒ መዝሀቦች የሕፃን ልጅ ሀዷና በቅድሚያ የእናት ነው፤ ነፈቃው የአባት ግዴታ ነው። ሀዷናው የአንዱ መሆኑ ግን የሌላውን ልጁን የማየት ሐቅ አያስቀርም።

ታዲያ ወዴት ይኬዳል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ ቃዲ ዘንድ፣ ካልተስማሙ ወረዳ ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል፤ በፌዴራል ደረጃ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁ. 188/1992 እንደሚለው፣ መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ወገን እንደተስማማ ይቆጠራል። ዳኝነቱ ከጸና በኋላም ጉዳዩን ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ማዛወር አይቻልም። ስለዚህ መጥሪያ የደረሰው ሰው ዝም ማለት የለበትም፤ ቀርቦ ፈቃዱን ወይም ተቃውሞውን ይናገር።

በየትኛውም ችሎት ቢሆን "ልጄን ልይ" ብሎ ብቻ ማመልከት ለአፈጻጸም ያስቸግራል። ቀኑ (ለምሳሌ በየሳምንቱ ጁሙዓ፣ ከዒድ በዓላት አንዱ)፣ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ ልጁን ማን አምጥቶ ማን እንደሚመልስ በዝርዝር ይጠየቅ። አንዱ ወላጅ ውጭ አገር ከሆነ የስልክ ቀንና ሰዓት ይጨመር። ሽምግልናው ከሠመረም ስምምነቱ ተጽፎ በፍርድ ቤት ይጽደቅ፤ እንዲህ ከሆነ የጣሰውን ወገን በአፈጻጸም ማስገደድ ይቻላል። ነፈቃና ጥየቃም አይያያዙ። ነፈቃ ያልከፈለ በነፈቃው ይከሰስ፤ ልጁ ግን በአባቱ ዕዳ አይቀጣ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገድ እየዘጋ ደሴ ድረስ ይግባኝ ማለትን እንኳ አክብዷል። ልጅ ግን መንገድ እስኪከፈት ማደጉን አያቆምም። ስለዚህ ለጦላቅ የሚቀመጡ የመስጂድ ኢማሞችና የአገር ሽማግሌዎች ስለ ከብቱና ስለ መሬቱ ከመነጋገራቸው በፊት አንድ ጥያቄ ያስቀድሙ፦ ይህ ልጅ ሌላኛውን ወላጁን የሚያየው መቼ ነው?