ድልድዩ ላይ ለሚቆጠር ወፍ ገንዘቡ ወደ ታች ይውረድ

በአዲስ አበባ አራዳ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ በማለዳ የቆመ ሰው ወፍ አያጣም። በ2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ለኮሪደር ልማት ፈርሰው የአካባቢው ገጽታ ቢለወጥም ወፎቹ አልሄዱም። በቅርቡ አንድ ቅዳሜ እርሳስና ደብተር ይዤ እዚያው ቆሜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያየሁትን ጻፍኩ። ጭላት ይዞራል፤ ቁራ ቆሻሻ ይፈትሻል፤ እርግብ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ይበራል፤ ጥንብ አንሳ ከፍ ብሎ ያንዣብባል። ጎመን የሚሸጡ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ምን ጠፍቶህ ነው ሰማይ ሰማዩን የምታየው?» አሉኝ። ወፍ እየቆጠርኩ መሆኔን ስነግራቸው ሳቁና፣ «ታዲያ ለዚህ ማን ይከፍላል? ለማንስ ይከፈላል?» ብለው ጠየቁኝ።

ጥያቄው ቀልድ ይምሰል እንጂ ቁም ነገሩ እርሱ ነው። በሌላው ዓለም ወፍ መቁጠር ገንዘብ ማሰባሰቢያ ከሆነ ቆይቷል። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በግንቦት ቡድኖች በ24 ሰዓት ውስጥ የሚያገኙትን የወፍ ዓይነት በመቁጠር ይወዳደራሉ። ደጋፊዎቻቸው ደግሞ ለእያንዳንዱ የወፍ ዓይነት ይህን ያህል እንከፍላለን ብለው አስቀድመው ቃል ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በእስራኤል ኤይላት የተጀመረው ተመሳሳይ ውድድር በመጀመሪያው ዓመት ያሰባሰበውን ገንዘብ የሰጠው በጆርጂያ የተላላፊ ወፎችን አደን ለሚከላከሉ ሰዎች ነው። ልብ በሉ፤ ውድድሩ የተካሄደው በአንድ አገር ነው፤ ገንዘቡ የሄደው ግን ወፎቹ ወደሚገደሉበት ሌላ አገር ነው።

በሀገራችንም መሠረቱ የተጣለ ነው። ኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዓይነቶች ይገኙባታል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ለወፎች ልዩ ጠቀሜታ ያላቸውን 69 ሥፍራዎች ለይቶ በመጽሐፍ አውጥቷል። በጥር ወር የሚደረገው የውሃ ወፎች ቆጠራም በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። እንግዲህ ይህን ልምድ ወደ ሕዝብ ውድድር፣ ውድድሩንም ወደ ጥበቃ ገንዘብ ማሸጋገር የሚቻል ነገር ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ ዓቢይ ሐሳብ ውድድር ይጀመር የሚል ብቻ አይደለም። ገንዘቡ የት ይድረስ የሚል ነው። በራስ መኮንን ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ የከተማውን እጣቢ እየጠረገ ከሌሎች ወንዞች ጋር ተቀላቅሎ ወደ አቃቂ ይወርዳል፤ ከዚያም አባ ሳሙኤል ግድብ ገብቶ ወደ አዋሽ ያመራል። አቃቂና አባ ሳሙኤል ከ69ኙ ሥፍራዎች አንዱ ናቸው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሚሸሹ የውሃ ወፎች በበጋ የሚያርፉት እዚያ ነው። በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለማውም የአካባቢው ገበሬ ነው። ስለዚህ ድልድዩ ላይ ቆሞ ወፍ የሚቆጥር የከተማ ሰው፣ ከታች ላለው ገበሬም ሆነ ለወፉ ባለ ዕዳ ነው። የውድድሩ ገንዘብ ለባነርና ለቲሸርት ውሎ ከተማ ውስጥ ከቀረ ዕዳው አልተከፈለም።

ጥበቃ ገበሬውን ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን የበርጋ ሜዳ ያስረዳል። በኦሮሚያ፣ በአዋሽ ራስጌ በሚገኘው በዚህ ሜዳ ላይ ነጭ ክንፍ ያላት አንዲት ትንሽ የረግረግ ወፍ ስትራባ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ርዝመቷ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2018 በደቡብ አፍሪካም ስትራባ እስክትታይ ድረስ፣ መራቢያዋ እንደሆነ የሚታወቅ ሌላ አገር አልነበረም። በዓለም አቀፍ መዝገብም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ ናት። ጎጆዋን የምትሠራው በክረምት፣ ውሃ በተኛበት ሣር ውስጥ ነው። ያ ሣር ደግሞ የገበሬው የወል ግጦሽና ድርቆሽ ነው። ከብቱ በክረምት ከገባ ወይም ሣሩ ያለ ጊዜው ከታጨደ ጎጆው ይጠፋል። ከብቱ ከታገደ ደግሞ ገበሬው መኖ ያጣል። በበርጋ የአካባቢው ሰዎች የወፍ ወዳጆች ማኅበር አቋቁመው ሜዳውን ለመጠበቅ ተነሥተዋል፤ ከደቡብ አፍሪካ የወፍ ወዳጆች በተገኘ ርዳታ ጭምርም ትምህርት ቤት ተሠርቶላቸዋል። ወፏን የጠበቀ ሕዝብ ለልጆቹ የሚተርፍ ነገር አገኘ ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድም ይኸው ነው።

«ወፍ እኮ የእህላችን ጠላት ነው» የሚል ገበሬ እንደሚኖር አይጠፋኝም። ግሪሳ የማሽላ ጠላት መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ግሪሳ ስላጠፋ ወፍ ሁሉ አይወገዝም። ከብት እየተከተለ ፌንጣ የሚለቅመው ነጭ ወፍ፣ አይጥ የሚያድነው ጉጉት፣ አንበጣ የሚበላው ሽመላ የገበሬው አጋዦች ናቸው። የጥንብ አንሳ ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ የሕንድ ገበሬዎች ካጡት በኋላ ተረድተውታል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዳይክሎፌናክ በሚባል መድኃኒት የታከሙ ከብቶችን ጥንብ የበሉት አሞራዎች አለቁ፤ በድኑ በየሜዳው ተከመረ፤ የባዘነ ውሻም በዛ። ሕንድ መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እኛም ለጅብ ብለን በሥጋ ላይ የምናስቀምጠው መርዝ ጥንብ አንሳውን ጭምር እንደሚገድል ልንዘነጋ አይገባም።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች የሚከተሉትን ነጥቦች በየስብሰባችሁ እንድትወያዩባቸው አሳስባለሁ።

1ኛ. ውድድሩ በዓመት አንድ ቀን ይሁን። ተላላፊ ወፎች የሚታሰቡበት ዓለም አቀፍ ቀን በጥቅምት መባቻ ገደማ ስለሚውል ለዚህ ያመቻል። የከተማ ቡድኖች ድልድዩ ላይና በየወንዙ ዳር፣ የገጠር ቡድኖች በየረግረጉና በየማሳው በአንድ ቀን ይቁጠሩ።

2ኛ. በየቡድኑ አንድ እረኛና አንድ ተማሪ ይኑሩ። እረኛው ወፉን ከድምፁ ያውቀዋል፤ ተማሪው ይመዘግባል። ሁለት ሰው ያላየው ወፍ አይቆጠር። ጎጆ የነካ ወይም ድንጋይ የወረወረ ቡድን ከውድድሩ ይሰናበት።

3ኛ. የገንዘቡ አሠራር ቀላልና ግልጽ ይሁን። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ ለአንድ የወፍ ዓይነት 10 ብር ቃል ቢገባና ቡድኑ 40 ዓይነት ቢያይ 400 ብር ይሆናል። እንዲህ ያሉ 30 ነጋዴዎች ቢገኙ 12,000 ብር ይሰበሰባል። ከእያንዳንዱ 10 ብር ውስጥ ቢያንስ 7ቱ ረግረጉን ለሚጠብቀው የገበሬ ማኅበር በደረሰኝ ይግባ፤ ወጪውም በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ይነበብ።

4ኛ. ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ከውድድሩ በፊት ይወሰን። ግጦሹን ለክረምት የለቀቀ አባወራ የመኖ ማካካሻ ያግኝ፤ ከዚያ የተረፈው ለችግኝ ወይም ለምንጭ ማጎልበቻ ይዋል። ገንዘቡ ከመጣ በኋላ ለምን እናውለው ብሎ መጨቃጨቅ ማኅበርን ይበትናል።

5ኛ. የቆጠራው መዝገብ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። የአምስት ዓመት መዝገብ የያዘ ማኅበር፣ ፋብሪካ ወይም ቆሻሻ መጣያ ወደ ረግረጉ ሲመጣ በባዶ እጁ አይከራከርም።

የከተማው ነዋሪ ቢከፍል ምጽዋት አይደለም፤ በድልድዩ ሥር ወደ ታች ለለቀቀው ውሃ ካሳ ነው። እናንተም ብትቀበሉ ልመና አይደለም፤ የጥበቃ ሥራ ዋጋ ነው። ነገር ግን ውድድሩን ሌላ ሰው መጥቶ እስኪያዘጋጅላችሁ ብትጠብቁ ገንዘቡም ውሳኔውም በሌላ ሰው እጅ ይቆያል። ጎመን የሚሸጡት እናት «ማን ይከፍላል? ለማንስ ይከፈላል?» ብለው ነበር። ከድልድዩ በላይ ያለው ይክፈል፤ ከድልድዩ በታች ሆኖ የሚጠብቀው ይቀበል። ሂሳቡን ግን ከዛሬ ጀምሮ እናንተ ያዙት።