የሕግ ትምህርት ደጃፍ ለማን ይከፈት?

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለው የአበው ምሳሌ፣ የሰውን ልብ የሚያሳርፈው የንብረቱ መብዛት ሳይሆን የፍርድ መኖር መሆኑን ያስረዳል። ፍርድ ደግሞ ያለ ዐዋቂ ዳኛና ያለ ዐዋቂ ጠበቃ አይጸናም። ስለዚህ የሕግ ትምህርት ቤት ማንን ተቀብሎ ማንን ይመልስ የሚለው ጥያቄ የተማሪዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአስተዳዳሪውና የነጋዴውም ጉዳይ ነው።

ይህ ጥያቄ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ጐልቶ ይታያል። የጁባ ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ በ1972 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል ለዚያ ምድር ሰላም ካስገኘ በኋላ ነው። ጦርነት እንደገና ሲበረታ በ1989 ዓ.ም. ወደ ካርቱም ተሰደደ፤ በነፃነቱ ዘመን ወደ ጁባ ተመለሰ። ነገር ግን የመንግሥቱ ቋንቋ ተለውጦ ነበር። ቀድሞ ከዳኞቹና ከጠበቆቹ ብዙዎቹ ሕግን የተማሩት በዐረብኛ ሲሆን፣ የ2011 ዓ.ም. የሽግግር ሕገ መንግሥት የመንግሥት ሥራም ትምህርትም በእንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ።

በዚያ አገር ስምንት ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ፣ አራት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የፈጸመ ወጣት ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በማስረጃው ውጤት ይወዳደራል። ይህ መልካም ሥርዓት ነው፤ ከዘመድ አማላጅነትና ከጐሣ ቈጠራ እጅግ ይሻላል። ሆኖም በጋምቤላ የስደተኞች ሰፈር ፊደል የቈጠረውና በካርቱም በዐረብኛ የተማረው ልጅ፣ በጁባ ተረጋግቶ ከተማረው ጋር በአንድ የእንግሊዝኛ ሚዛን ሲመዘኑ፣ ሚዛኑ ከአእምሮአቸው ይልቅ የስደታቸውን መንገድ ይለካል።

ለእነዚህ ልጆች ሲባል መመዘኛው ዝቅ ይበል የሚል አይጠፋም። ይህ ምሕረት ይምሰል እንጂ ዕዳ ነው። የሕጉን መጽሐፍ በቅጡ ማንበብ የማይችል ጠበቃ የሚጐዳው ባለጠጋውን አይደለም፤ ባለጠጋው ሌላ ጠበቃ ይገዛል። የሚጐዳው ድኻው ተሟጋች ነው።

የሚሻለው ደረጃውን ሳይነኩ መሰላሉን ማቆም ነው። ይኸውም ብልህነታቸው ተመስክሮ በቋንቋ ብቻ ለሚደክሙት የአንድ ዓመት የዝግጅት ትምህርት መስጠት ነው። ደግሞም ያው ሕገ መንግሥት የሕዝቡን ልማድ ከሕግ ምንጮች አንዱ አድርጎ ስለሚቈጥርና እጅግ ብዙው ክርክር በባህል ዳኞች ፊት ስለሚታይ፣ የአገሩን ቋንቋና ልማድ ማወቅ በመግቢያው ላይ ዋጋ ሊያገኝ ይገባል።

ለዚህ ምሳሌ ሩቅ አይኬድም። በአዲስ አበባ የሕግ ፋኩልቲ በ1963 ዓ.ም. ሲከፈት፣ የወንጀለኛ መቅጫው፣ የፍትሐ ብሔሩና የንግዱ ሕግ ታውጀው ነበር፤ የሚሠሩባቸው ምሁራን ግን ጥቂቶች ነበሩ። ስለዚህ ከቀኑ የዲግሪ ትምህርት ጐን፣ በሥራ ላይ ላሉ ሰዎች የማታ ትምህርት ተሰጠ። አዲሱ ትውልድ እስኪደርስ ወንበሩ ባዶ እንዳይቀር የተደረገ ብልሃት ነበር።

በመጨረሻም የተቀባዮቹ ስምና ውጤት በገሃድ ይለጠፍ። ደጃፉ ጠባብ መሆኑ አያስነቅፍም፤ የሚያስነቅፈው ቁልፉ በጓዳ የተያዘ እንደሆነ ነው። በጓዳ የገባ ተማሪ ነገ በጓዳ የሚፈርድ ዳኛ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ነጋዴው ውሉን፣ አስተዳዳሪውም ትእዛዙን በማን ፊት ያጸናል?