የአፈጻጸም ትዕዛዝ ሲመጣ የባለዕዳው መብትም አብሮ ይምጣ

ያልተፈጸመ ፍርድ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ያበደረውን ለማስመለስ ዓመታት ችሎት ደጅ የተመላለሰ ሰው፣ ውሳኔውን በእጁ ይዞ ገንዘቡን ካላገኘ በፍርድ ቤት ላይ እምነት አይኖረውም። ስለዚህ ዕዳ ይከፈል፣ ፍርድም ይፈጸም የሚለው ላይ ይህ ጋዜጣ ክርክር የለውም። ክርክራችን የአፈጻጸም ሠራተኞች የባለዕዳውን ደጃፍ ካለፉ በኋላ በሚሆነው ላይ ነው።

ንብረት ለመያዝ የታዘዙ ሰዎች ከፖሊስ ጋር በር ሲያንኳኩ፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ዕዳ እንዳለበት ብቻ ነው። ሕጉ የትኛውን ንብረቱን ከመያዝ እንደሚጠብቅለትና አቤቱታውን ለማን እንደሚያቀርብ አያውቅም። ስለዚህ ወይ ያለቅሳል፣ ወይ ይለምናል፣ ወይ ይጣላል። አንዱም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ሕጉ ነው፤ ሕጉ ደግሞ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጧል።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 404 በፍርድ አፈጻጸም የማይያዙ ንብረቶችን ይዘረዝራል። የባለዕዳው፣ የሚስቱና የልጆቹ አስፈላጊ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና የአልጋ ልብስ አይነኩም። የሥራ መሣሪያ አይያዝም፤ ልብስ ሰፊው መኪናውን፣ አናጢው መጋዙን ተቀምቶ ዕዳውን ከምን ሠርቶ ይከፍላል? ገበሬ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ለኑሮው ያስፈልጋሉ ያላቸው ከብቶችና የዘር እህል ይቀሩለታል። ለቤተሰቡ ለሦስት ወር የሚበቃ ቀለብና ገንዘብ ይተውለታል። ጡረታና ለኑሮው የሚቆረጥለት ቀለብም አይያዝም። ከደመወዝ ደግሞ ሁለት ሦስተኛው የማይነካ ነው። መኖሪያ ቤት ግን በዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ ለሐራጅ ሊቀርብ ይችላል፤ ባለዕዳ ይህንንም ከወዲሁ ማወቅ አለበት።

ጥበቃው በዚህ አያበቃም። የተያዘው ንብረት የባለዕዳው ሳይሆን የእህቱ ወይም የተከራዩ ከሆነ፣ ባለንብረቱ በቁጥር 418 መሠረት ተቃውሞ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት የአንዱ ተጋቢ የግል ዕዳ መጀመሪያ የሚከፈለው ከራሱ የግል ንብረት ነው፤ ወደ ጋራው ንብረት የሚሄደው ያ ካልበቃ ነው። ፍርዱ ከተሰጠ አሥር ዓመት ካለፈም የአፈጻጸም ማመልከቻ ተቀባይነት የለውም።

በቀድሞው ዘመን ባለገንዘብና ባለዕዳ በቁራኛ ታስረው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። የዘመናዊው ሕግ ትልቁ ለውጥ ዕዳን ከሰው አካል ወደ ንብረት ማዞሩ ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11፣ ማንም ሰው የውል ግዴታውን መወጣት ባለመቻሉ ብቻ እንዳይታሰር ይደነግጋል። በእኛ ሕግም ለእስር የሚዳረገው እየቻለ አልከፍልም ያለ ነው፤ እስሩም ከስድስት ወር አያልፍም። ንብረቱን በዘመድ ስም እያዞረ «የለኝም» የሚል ባለዕዳ መኖሩ አይካድም። እሱን ግን ፍርድ ቤት አስቀርቦ ስለ ሀብቱ የሚመረምርበት ሥልጣን አለው። የአንድ አታላይ ተንኮል የድሃውን አልጋ ለመጫን ሰበብ ሊሆን አይገባም።

ይህ ሁሉ እያለ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? አንደኛው ሕጉ ማርጀቱ ነው። ያው ቁጥር 404 የቀን ገቢው ከ2 ብር የማይበልጥ ሠራተኛ ደመወዙ በሙሉ እንዳይነካ ይላል። ሕጉ ሲወጣ ይህ ለዝቅተኛ ተከፋይ እውነተኛ ጥበቃ ነበር። ዛሬ በ2 ብር አንድ ዳቦ አይገዛም፤ በወር 60 ብር የሚከፈለው ሠራተኛም የለም። ስለዚህ ድንጋጌው በወረቀት ላይ ቢኖርም የሚጠብቀው ሰው አላገኘም። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከወር ደመወዝ የመጀመሪያውን 2,000 ብር ከግብር ነፃ አድርጓል። መንግሥት ራሱ በግብር የማይነካውን ገንዘብ፣ አበዳሪ ከመጀመሪያው ብር ጀምሮ አንድ ሦስተኛውን እንዲወስድ መፍቀድ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው።

ሁለተኛው ችግር ብዙ ዕዳ ከችሎት ውጭ መሰብሰቡ ነው። ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት በመያዣ የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ መሸጥ ይችላሉ። አዋጁ ግን ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጡ ያስገድዳቸዋል፤ ሥርዓቱን ጥሰው ለሚያደርሱት ጉዳትም ተጠያቂ ያደርጋቸዋል። ግለሰብ አበዳሪ ይህ ሥልጣን የለውም። ጎረምሳ አሰልፎ ቴሌቪዥን የሚያስጭን ወይም በር የሚቆልፍ አበዳሪ ዕዳ እየሰበሰበ ሳይሆን ወንጀል እየፈጸመ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በብድር ውል የሚቆረጠው ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ መወሰኑን፣ አራጣም በወንጀል ሕጉ እንደሚያስቀጣ ተበዳሪውም አበዳሪውም ሊያውቁት ይገባል።

ሦስተኛውና ዋናው ችግር መብቱ ለባለመብቱ አለመነገሩ ነው። የአፈጻጸም መጥሪያ የዕዳውን መጠንና የመዝገቡን ቁጥር ይናገራል። ከደጃፉ ሆኖ ለሚያነበው ሰው ግን ምን ሊወሰድበት እንደማይችል የሚነግረው መስመር ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች እንዲደረጉ እንጠይቃለን። ፍርድ ቤቶችና የፍርድ አፈጻጸም ክፍሎቻቸው ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ ጋር፣ የማይያዙትን ንብረቶችና የአቤቱታውን መንገድ በቀላል ቋንቋ የሚዘረዝር አንድ ገጽ ለባለዕዳው ይስጡ። ወጪው የአንድ ወረቀት ነው፤ የሚያስቀረው ጭቅጭቅ ግን ብዙ ነው። ንብረት ሲያዝ ዝርዝሩ በቦታው ተጽፎና ተፈርሞ ግልባጩ ለቤተሰቡ ይቅር፤ አብሮ የሚሄደው ፖሊስም ሥራው ጸጥታ ማስከበር እንጂ ዕቃ መምረጥ አይሁን። ሕግ አውጪው ደግሞ የ2 ብሩን ጣሪያ ሰርዞ ከኑሮ ውድነት ጋር አብሮ በሚሻሻል መጠን ይተካው።

ለአንባቢዎቻችንም የምንለው አለ። መጥሪያ ሲደርሳችሁ አትደብቁት፤ በቀጠሮው ቀን ቅረቡ፤ አቅማችሁ በአንዴ መክፈል ካልቻለ በየወሩ ለመክፈል ሐሳብ አቅርቡ። በር ላይ የመጣውን ሰው የፍርድ ቤቱን ትዕዛዝና መታወቂያውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ትዕዛዙ ካለው ግን በኃይል አታግዱት። የማይያዝ ንብረት ከተያዘባችሁ፣ ወይም በሐራጁ ላይ ጉድለት ካያችሁ፣ ቀን ሳታሳልፉ ትዕዛዙን ለሰጠው ፍርድ ቤት በጽሑፍ አመልክቱ። ባለገንዘብ ገንዘቡን ማግኘት መብቱ ነው፤ የባለዕዳው ቤተሰብ የሚተኛበትና ሠርቶ የሚበላበት ዕቃ እንዲቀርለት መጠየቅም እንዲሁ መብት እንጂ ልመና አይደለም።