ብሉቱዝህን ክፈት

«ብሉቱዝህን ክፈት» ሲባል ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት መቼ እንደሆነ ላስታውስ ብሞክር አልሆነልኝም። እንደ ብዙ ነገራችን ሁሉ እሱም ሳይሰናበት ነው የሄደው። በ2000 ዓ.ም. ግድም ግን ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ ንግግር ነበር። የታክሲ ወረፋ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር፣ ካፌ በረንዳ ላይ፣ የተማሪዎች ዶርም ውስጥ፣ አንዱ የሌላውን ዘፈን ሰምቶ ከወደደው «እስቲ ብሉቱዝህን ክፈት» ይላል። ያኛውም ይከፍታል። ከዚያ ሁለቱ ሰዎች ስልካቸውን ጎን ለጎን ይዘው ይቆማሉ። ያቺ ቀጭን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እስክትሞላ መቆም ግድ ነው። አንድ ዘፈን አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበርና በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሰው ዝም ብሎ አይተያይም፤ ያወራል። «ከማን አገኘኸው?» «ከአክስቴ ልጅ።» «እሷስ?» «ከደሴ ይዛው መጣች።» እንዲህ እንዲህ እየተባለ የዘፈኑ ዘር ማንዘር ይቆጠራል።

ስልኮቹም ስም ነበራቸው። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ ብሉቱዝ የከፈተ ሰው «አንበሳው»፣ «ማሬ»፣ «አትንኩኝ»፣ «የእናቴ ልጅ» የሚሉ ስሞች ተደርድረው ያያል። የትኛው ተሳፋሪ «አንበሳው» እንደሆነ ለመገመት ዙሪያውን ሲቃኝ መንገዱ ያልቃል። (አንድ ቀን «አንበሳው» ረዳቱ ሆኖ ተገኘ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ጋቢና የተቀመጡ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት።)

ይህን የማነሳው የድሮ ናፍቆት ለመተረክ አይደለም። ጠብ አለኝ። ጠቤ ብሉቱዝን ከመስጫነት አውርደው መሸጫ ካደረጉት ጋርና፣ ይህንኑ ውርደት «ዕድገት» እያሉ ከሚያጨበጭቡ ወዳጆቼ ጋር ነው።

አስቀድሜ ስለ ነገሩ ማንነት ጥቂት ልበል። ብሉቱዝ ማለት «ሰማያዊ ጥርስ» ማለት ነው። ባለ ጥርሱ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዴንማርክን የገዛው ንጉሥ ሃራልድ ሲሆን፣ ዴንማርክንና ኖርዌይን አገናኘ ይባልለታል። እ.ኤ.አ. በ1997 የኢንቴል ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ጂም ካርዳክ «ይህም ስልክንና ኮምፒዩተርን ያገናኛልና በንጉሡ ስም ይጠራ» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ለጊዜው ተብሎ የወጣው ስም ተጣብቆ ቀረ። ስልካችን ላይ የምናያት ምልክትም የንጉሡ ስም መነሻ የሆኑት ሁለት ጥንታዊ የሰሜን አውሮፓ ፊደላት ተደራርበው የተጻፉባት ናት። ሥራው ራሱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ስዊድን ውስጥ በኤሪክሰን ኩባንያ ነው። በ1998 ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ ኢንቴል፣ አይቢኤምና ቶሺባ ማኅበር አቁመው አንድ የጋራ ሕግ አወጡለት። ማንም ሠሪ ይሥራው ማን፣ ሁለት መሣሪያዎች ይግባቡ ዘንድ።

አሠራሩ የሚገርም ነው። ፈቃድ በማይጠየቅበት፣ የማይክሮዌቭ ምድጃ ሳይቀር በሚጠቀምበት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ ይሠራል። እዚያ ጫጫታ ስለሚበዛ አንድ ቦታ ቆሞ አያወራም፤ 79 ጠባብ መስመሮች ላይ በሰከንድ 1600 ጊዜ ይዘላል። ላኪውም ተቀባዩም የዝላዩን ቅደም ተከተል አስቀድመው ተስማምተዋልና አይጠፋፉም። በሐሳብ የዚህ ዘመድ የሚሆነውን ዘዴ ከቪየና የመጣችው የሆሊውድ ተዋናይት ሄዲ ላማር ከሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1942 በፈጠራ መብት አስመዝግባው ነበር። ለባሕር ኃይል ቶርፔዶ ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ መዝለያዎቹ በፒያኖ ቁልፎች ቁጥር ልክ 88 ነበሩ። የእኛ ስልክ ውስጥ የገባው ግን ጦር አይደለም። ጉልበቱ ከጥቂት ሚሊዋት አያልፍም፤ ርቀቱም አሥር ሜትር ግድም ነው።

ይህች አሥር ሜትር ናት የኔ ነገር። ማማ አይጠይቅም፤ ሲም ካርድ አይጠይቅም፤ የአየር ሰዓት አይቆጥርም። ቴሌ አያውቀውም፤ ማንም መዝገብ ላይ አያሰፍረውም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት ሰዎች አንድ ግቢ ውስጥ መገኘታቸውን። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ ምን እንደሆነ እናስታውስ። እነዚያ «ማን ብሉቱዝ ይጠቀማል በዚህ ዘመን?» የሚሉት ወዳጆቼ ስልክ ግድግዳ ሆነባቸው። በኛ ግቢ ግን ልጆቹ በር ላይ ተቀምጠው የዱሮ ፊልም፣ ዘፈንና የትምህርት መጽሐፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲያሳልፉ ይውሉ ነበር።

«ቴሌግራም እያለ?» ይሉኛል። አዎን፣ ቴሌግራም እያለ! አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ለመስጠት ለምን ሦስተኛ ወገን መሐላችን ይገባል? ለጎረቤቴ እንጀራ ልሰጥ ብል መጀመሪያ ወደ ውጭ አገር ልኬ፣ እዚያ አስመዝግቤ፣ የመጓጓዣ ከፍዬ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤቴ እንዲመለስ ላድርግ? ቢሠራ እንኳ ጤነኛ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዘፋኞቹ ክስ ልምጣ፤ ሸሽቼ ባልፈው ሐቀኛ አልሆንም። «አንተ መስጠት የምትለው እኛን መስረቅ ነበር» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ እያለ፣ ያውም ብዙ ሳይቆይ፣ እኛ አንድ ሰው የገዛውን ካሴት ወይም ሲዲ ለመላው ሰፈር ስናድል ኖረናል። በየመንገዱ ኮምፒዩተር ዘርግቶ ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭነው ልጅ ይከፈለው ነበር፤ ዘፋኙ ግን ሳንቲም አላየም። እኔም ከነዚያ አንዱ ነኝ። ከወደድኳቸው ዘፈኖች ስንቱን ከፍዬበታለሁ ብዬ ራሴን ብጠይቅ መልሱ ያሳፍረኛል። ካሴት ቤቶች ሲዘጉ «ወይ ጉድ» ያልን ሰዎች የመዝጊያውን ቁልፍ ኪሳችን ይዘን ነበር።

ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ብሉቱዝ ያመላለሰው የዘፋኝ ሥራ ብቻ አይደለም። የሠርግ ሽብሸባ፣ የአያት ተረት፣ የአልቃሽ ግጥም፣ የሕፃን ሳቅ፣ ከገጠር የተላከ የአጎት ሰላምታ አለ። ይህ ሁሉ በየትኛው ሱቅ ይሸጣል? ባለመብቱ ማነው? ሌባን ለመከልከል ተብሎ በር ከተዘጋ ሌባውም ባለቤቱም ውጭ ያድራሉ። ደግሞም በሩ የተዘጋው ለዘፋኞቻችን ታዝኖ ቢሆን ኖሮ እሺ ባልኩ። የተዘጋው ለሌላ ምክንያት ነው።

ምክንያቱን ጆሮዬ ላይ ነው ያገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ2016 አፕል የአይፎን 7 ስልኩን ሲያወጣ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ የሚሰካበትን ቀዳዳ ደፈነው። በዚያው ቀን ገመድ አልባውን ኤርፖድ አስተዋወቀ። መጀመሪያ የሳቁ ሌሎች ሠሪዎች ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተከተሉ። ቀዳዳው ተደፈነ፤ መድፈኛውን ግዙ ተባልን። በሠላሳ ብር ከአዟሪ የምንገዛው ባለ ገመድ ማዳመጫ ሽቦው ቢበጠስ በብየዳ ይቀጠል ነበር። አዲሱ ግን የባቄላ ፍሬ በምታህል እንክብል ውስጥ ባትሪ ተለጥፎበት የመጣ ነው። ባትሪው በጥቂት ዓመት ሲዝል፣ የሰፈራችን ጠጋኝ የቱንም ያህል እጀ ወርቅ ቢሆን ሊከፍተው አይችልም፤ እንዲከፈት ታስቦ አልተሠራምና። ይጣላል። ሌላ ይገዛል።

ጆሮው ስለተደፈነው ወጣት ብዙ ተጽፏልና አልደግመውም። «እንደምን ዋልክ» ብዬው ያላየኝ ሰው ላይ ድንጋይ አልወረውርም። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጮህበት የዋለ ሰው ትንሽ ጸጥታ ቢገዛ መብቱ ነው። ያውም የሚሸሸው የኛኑ ስፒከር ነው! ያ የጡብ ያህል ክብደት ያለው፣ በጎረቤቴ መስኮት ላይ ተቀምጦ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሰፈሩን የሚያንቀጠቅጠው ስፒከር የሚሠራው በዚያው በብሉቱዝ ነው። አንዱ ጆሮውን ይዘጋል፤ ሌላው የሁሉን ጆሮ ይከፍታል። በሁለቱ መካከል የነበረው «እንካ፣ ያንተም ይሁን» ነው የጠፋው።

በጎውን አልክድም። መስማት የተሳነው ሰው የጆሮ መርጃው ከስልኩ ጋር ተገናኝቶ የልጁን ድምፅ በቀጥታ ይሰማል። የስኳር ሕመምተኛ ክንድ ላይ የተለጠፈች መለኪያ ቁጥሯን ሳትወጋ ሳታደማ ለስልክ ታቀብላለች። ሾፌር እጁን ከመሪው ሳያነሳ ይነጋገራል። እነዚህን የሠሩትን እግዜር ይስጣቸው። ቁልፍ ጠፍቶ እንዳይቀር የምትንጠለጠለዋ ምልክት ግን ሰውን ለመከታተያም ዋለች፤ ስልኮች «የማታውቁት ምልክት ከናንተ ጋር እየሄደ ነው» ብለው እንዲያስጠነቅቁ ማድረግ የግድ ሆነ። ምን ቀረ ታዲያ? መሣሪያ ከመሣሪያ ጋር በሰላም ይነጋገራል። እኔ የምጠይቀው የሰውን ከሰው ነው።

ጠቡ ከየት እንደመጣ ልናገርና ላብቃ።

እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። ከማረፏ በፊት በነበረው ዘመን መለወጫ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ ስትመርቀን ታናሽ ወንድሜ በቁልፍ ስልኩ ቀድቷት ነበር። ሦስት ደቂቃ አትሞላም። መሐል ላይ ሲኒ ይንኳኳል፤ አንድ ሕፃን «እማማ፣ ፈንዲሻ» ይላል፤ እሷ ምርቃቷን ሳታቋርጥ «ቆይ አንተ» ትለዋለች። ያ ስልክ አርጅቶ፣ የቻርጅ መሰኪያው ላልቶ፣ በኮምፒዩተር ገመድ የማይነበብ፣ ድምፁንም ሚሞሪ ካርድ ላይ ሳይሆን ሆዱ ውስጥ የያዘ ነበር። «ሳይሞት ውሰድ» አለኝ ወንድሜ። አዲሱን ስልኬን ይዤ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ ውድ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። «ብሉቱዝህን ክፈት» አለኝ፤ ከፈትኩ። አይተያዩም። አጥፍተን አበራን። አንዴ ተያዩ፤ ሲላክ ግን የኔው እምቢ አለ።

ጠጋኝ ዘንድ ወሰድናቸው። ሰውዬው ሁለቱን አገላብጦ አየና ሳቀ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ብሉቱዝ ለመስማት ነው እንጂ ለመቀበል አይደለም።»

ይህን ንግግር ፈላስፋ ቢናገረው መጽሐፍ ይወጣው ነበር። «ምን ማለት ነው?» አልኩት። ኤርፎን፣ ስፒከር፣ ሰዓት፣ መኪና ይቀበላል፤ ከሌላ ስልክ ፋይል መቀበል ግን ሠሪዎቹ አልፈቀዱለትም ብሎ አስረዳኝ። «ሬዲዮኑ አቅቶት ነው?» «ኧረ ምን አቅቶት! ከልክለውት ነው።»

በመጨረሻ መላ የመጣው ከረዳቱ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የማይሞላው፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ ርካሽ ስልክ የያዘ ልጅ። የእናቴን ምርቃት ከወንድሜ ስልክ በብሉቱዝ ወደ ራሱ ስልክ ሳበ። መስመሯ ከግራ ወደ ቀኝ ሞላች፤ እኔም ከስንት ዘመን በኋላ ቆሜ ጠበቅኳት። ከዚያ ከራሱ ስልክ በቴሌግራም ወደኔ ላከው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ከስንዝር በማይበልጥ ርቀት የተቀመጡ ስልኮች ናቸው። የእናቴ ድምፅ ከአንደኛው ወጥቶ፣ በማላውቀው አገር በማላውቀው መጋዘን አድሮ፣ የኔን የአየር ሰዓት በልቶ ነው አጠገቡ ወዳለው የገባው። ግልባጩ እዚያ ቀርቶ ይሁን አይሁን የሚነግረኝ የለም። ደግሞ ከጠጋኙም ከረዳቱም የጠየቀኝ ክፍያ የለም፤ ስሰጥም «ኧረ ይተዉ» ብለው መለሱልኝ።

ልሄድ ስነሣ ልጁ ስልኩን አየት አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እኔ ጋ የቀረውን ላጥፋው?» አለኝ።

«ተወው» አልኩት። «አንተንም ትመርቅህ።»