ለእሷ የሚሆን ጆሮ

ወሎ ውስጥ አጽናኝ ጠፍቶ አያውቅም። ሰው ሲሞት ቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ተቀምጦ «አብሽር» ይባባላል። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የሰሜኑ ጦርነት በአምባሰልና በሐይቅ አልፎ ደሴ ሲገባ ለሞቱት፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ተለቅሷል። ለተደፈረች ሴት ግን ድንኳን አይተከልላትም። የደረሰባትን ብዙ ጊዜ ከራሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቁ ካሉም «ሆድ ይፍጀው» ብለው አብረዋት ዝም ይላሉ።

ታዲያ ለማን ትናገር? የነፍስ አባት አሏት። ምንም ያህል ርኅሩኅ ቢሆኑ ግን ኑዛዜ የተሠራው ለበደለ እንጂ ለተበደለ አይደለም። አበጋር አለ፤ በወሎ ስንት ደም ያደረቀ የዕርቅ ሥርዓት ነው፤ እሱ ደግሞ ሁለት ወገን ይፈልጋል፣ የእሷ በዳይ ስሙ እንኳ አይታወቅም። የጋራ ጸሎቱ ወዳጃው አለ፤ ዱዓው ያሳርፋል፤ ነገር ግን በሰው መሃል ነው። ዘፈኑ እንኳ አይበቃትም። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በስሙ የሚጠራ አገር ሐዘኑን መናገር አያውቅም ማለት ይከብዳል፤ ግን አምባሰል የሁሉንም ሐዘን እንጂ የአንዷን ምሥጢር አያወጣም። የምንወደውም ለዚህ ይመስለኛል።

እነዚህን ሁሉ አከብራለሁ። ሁሉም ግን ተናጋሪውን ወደ አንድ ቦታ ይወስዳሉ፤ ወደ ንስሐ፣ ወደ ዕርቅ፣ ወደ አሚን። ሰውን ማዕከል ያደረገው የምክክር ሙያ የሚጀምረው የትም ባለመውሰድ ነው።

የሙያው አባት ካርል ሮጀርስ ይህን ያገኘው ከመጽሐፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ በኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ ከተቸገሩ ልጆችና ከወላጆቻቸው ጋር ይሠራ ነበር። አንዲት እናት ያስቸገራትን ልጇን ይዛ መጣች። ሮጀርስ የነገሩ ሥር እናትየዋ ልጁን በሕፃንነቱ መግፋቷ ነው ብሎ ደመደመ፤ ይህንኑ ሊያስረዳት ደከመ፤ አልሆነም። በመጨረሻ እንተወው ተባባሉ። ሴትየዋ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ ትልልቅ ሰዎችንም ያናግሩ እንደሆነ ጠየቀችው። ተመልሳ ተቀምጣም እስከዚያ ያልነገረችውን የትዳሯን መከራ ዘረገፈችው። ሥራው የተቃናው ከዚያ በኋላ ነው፤ ልጁም ጭምር ተሻለው። የት እንደሚያማት የምታውቀው እሷ ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ ሮጀርስ ለለውጥ የሚያስፈልጉ ስድስት ሁኔታዎችን ዘረዘረ። ከመካሪው የሚጠበቁት ሦስቱ በየሥልጠናው ይነበባሉ፤ ሳያስመስሉ እውነተኛ መሆን፣ ሰውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል፣ የሌላውን ዓለም በራሱ ዓይን ማየት። በሰሌዳ ላይ ሲጻፉ ቀላል ናቸው። አንዲት እናት ከጥቃቱ የተወለደውን ልጇን ልታየው እንደማትወድ ስትናገር ፊት ሳይለወጥ መስማት ግን ቀላል አይደለም። ወዲያው «የአላህ ሥራ ነው»፣ «ልጁ ምን አደረገ» ማለት ይመጣብናል። «አብሽሪ» የምንላትም ብዙ ጊዜ ለቅሶዋን እኛ ራሳችን ስለማንችለው ነው። ለእሷ ግን ዝም በይ ማለት ሆኖ ይሰማታል።

ምሥጢር ሌላው ጉዳይ ነው። በሐይቅ ከተማ መካሪው የአንዱ አማች፣ የሌላው አበልጅ ነው። ቢሮው ከቀበሌው ጎን ከሆነ እዚያ ስትገባ መታየቷ ብቻ ነገሩን አወጣው ማለት ነው። ይህን ሳያስቡ የአገልግሎት ክፍል ከፍቶ «ሴቶቹ አልመጡም» ማለት ትዝብት ነው።

ማዳመጥ ብቻውን ይበቃል የሚሉም አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሐይቅ ቱርክ ካምፕ በሚባለው መጠለያ ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች እናት የልጆቿ ዱቄት ካለቀ አምስት ቀን ሆኖት ስሜቷን በጥሞና ብቻ ብንሰማት ስድብ ነው። የተቀናጀ የሚባለው ምክክር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። መሠረቱ የሮጀርስ ግንኙነት ይሆንና በላዩ ሌላ ይጨመራል፤ ችግርን ከፋፍሎ አንዱን መርጦ መፍታት፣ የተጨነቀ አካልን በትንፋሽ ማረጋጋት፣ ከአቅም በላይ ሲሆን ወደ ሐኪም መላክ። ጄራርድ ኢጋን እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው መጽሐፉ ማዳመጥንና መፍትሔ መፈለግን በደረጃ አስተሳስሯቸዋል። ከየትምህርቱ ትንሽ ትንሽ የቀመሰ መካሪ ግን አደገኛ ነው፤ የትኛውን ለምን እንደሚጠቀም አያውቅምና።

ይህ ሁሉ በሆቴል አዳራሽ፣ በሦስት ቀን፣ በአበልና በምስክር ወረቀት አይገኝም። የሥነ ልቦና ድጋፍ ሥልጠና የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ አያልፍም፤ ሠልጣኙ ቅጽ መሙላት ተምሮ ይመለሳል። ማዳመጥ የሚለመደው ከሰው ጋር ተቀምጦ፣ የሠሩትን ለአንድ አዋቂ እየነገሩ፣ እየታረሙ ነው።

ገንዘብና ሐኪም የለንም ለሚል የሐራሬው ሥራ መልስ ይሆናል። የዚምባብዌው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በምባሬ ሰፈር 14 አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። አያቶቹ ይሰማሉ፣ ከዚያ ከባለ ችግሯ ጋር አንድ ችግር መርጠው መውጫውን ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመው 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ በአያቶቹ የተረዱት ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ ይበልጥ እንደተሻላቸው አሳይቷል። ሥራው ጸንቶ የቆመው ግን አያቶቹ በየጊዜው ክትትል ስለሚደረግላቸው ነው።

እኛም ዱበርቲዎች፣ ዱዓ የሚያደርጉና የሚመርቁ እናቶች፣ አሉን። የነፍስ አባቷንም ሽማግሌውንም ያፈረች ሴት ዱበርቲዋን ላታፍር ትችላለች። የቅሬ እናቶችም አሉ። መመረቅ ያውቃሉ፤ መምከር ያውቃሉ፤ አንዳንዶቹ ሳያቋርጡ መስማትንና ምሥጢር መያዝን እንደ አዲስ መልመድ ይኖርባቸዋል። ለዚያ ደግሞ ደሴ ላይ የሥነ ልቦናም የሥነ አእምሮ ሕክምናም ትምህርት ክፍል ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አይደለም፤ ከሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ስለዚህ ለሐይቅና ለአምባሰል ሥልጠና የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ከመንግሥትም ከእርዳታ ድርጅትም፣ የአዳራሹን በጀት ቀንሱና ለክትትል አውሉት። ሠልጣኞቹን ስትመርጡ ከዱበርቲዎችና ከቅሬ እናቶች ጀምሩ። መቀመጫውንም ከቀበሌው በር አርቁት።