ስለ ሞተር ጓርኒሲዮን

አንድ የጭነት መኪና ውሀው ፈልቶ፥ ነጭ ጢስ እየተፋ በመንገድ ላይ ሲቆም፥ ምክንያቱ ውፍረቱ ሁለት ሚሊሜትር የማይሞላ ስስ ነገር ሊሆን ይችላል። ይህንንም መካኒኮቻችን ከጣልያንኛ በወረሱት ስም ጓርኒሲዮን ይሉታል። የመንግሥትን መኪና የሚያስጠግኑ ሹማምንት ጠባዩን ሊያውቁት ይገባቸዋልና፥ ዛሬ በዚሁ ነገር ላይ አሳባችንን እንገልጻለን።

ጓርኒሲዮን በሞተሩ ዋና አካልና ቴስታታ በሚባለው ክዳኑ መካከል ሆኖ፥ ከ2000 ዲግሪ በላይ የሚግለውን ነበልባል፥ የሚያቀዘቅዘውን ውሀና የሚያለሰልሰውን ዘይት እንዳይደባለቁ ይለያል። ግፊቱም በዛሬዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ከከባቢው አየር ግፊት 150 እጥፍ ሊያልፍ ይችላል። ደግሞም አካሉ የብረት፥ ክዳኑ የአሉሚኒየም በሆነ ጊዜ፥ አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ፥ ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ሁለቱ ይፋተጋሉ። ወረቀትና ቡሽ ይህን አይችሉትም።

ስለዚህ ጓርኒሲዮኑ አጥንት እንዲኖረው ተደረገ። በመካከሉ ጥቃቅን ጥርስ ያወጣ ስስ ቆርቆሮ ይገባል፤ ጥርሶቹም በግራና በቀኝ ያለውን ለስላሳ ገላ ነክሰው ይይዙታል፤ ነበልባል በሚነካው በሲሊንደሩ አፍ ዙሪያ የብረት ቀለበት ይታጠፍበታል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ የሞላ ብረት ቅጠሎች ተደራርበው የሚሠሩት ነው። በቅጠሎቹ ላይ ጉብ ያለ መስመር ስላለ፥ ብሎኑ ሲጠብቅ ይጨመቃሉ፤ ግፊቱ ክዳኑን ሊያነሣ ሲታገል ተነሥተው ይከተሉታል። ነገር ግን ይህኛው እጅግ የለሰለሰ ፊት ይሻል። (ብራና ፋቂዎች ይህን ያውቁታል፤ ፊቱ ያልለሰለሰ ቆዳ ለጽሕፈት አይመችም።) በሞረድ በተፋቀ ፊት ላይ ቢያኖሩት፥ ዋጋው የቱን ያህል ቢሆን ያፈሳል።

ለስላሳው ገላ ቀድሞ ከአስቤስቶስ ይሠራ ነበር። እሳት አይበላውምና ተስማሚ መስሎ ነበር፤ ብናኙ ግን ካንሰር እንደሚያመጣ ስለ ተረጋገጠ፥ የአውሮፓ ኅብረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ባወጣው መመሪያ፥ ከ2005 መጀመሪያ አንሥቶ በአባል አገሮቹ እንዲከለከል አደረገ። በአሮጌ ሞተር ውስጥ ዛሬም ሊገኝ ይችላል። አሮጌውን ጓርኒሲዮን በደረቁ ፍቆ ብናኙን በአየር የሚነፋ ሠራተኛ ሳንባውን ለአደጋ ይሰጣል፤ አርጥቦ እንዲፍቅ ማዘዝና ለብናኙ የተገባውን የአፍና የአፍንጫ መከለያ መስጠት የጋራዡ አለቃ ፈንታ ነው።

በግዢ ጊዜ ያለው ጥፋት ግን በጽሕፈት ይጀምራል። «አንድ ጓርኒሲዮን» ተብሎ ብቻ ከተጠየቀ፥ ርካሹ ይቀርባል፤ ደንብም አልፈረሰም። በአንዳንድ የናፍጣ ሞተር ግን ፒስቶኑ ከአካሉ ፊት ብቅ በሚልበት ልክ ውፍረቱ ይመረጣል፤ ቢሳሳት ፒስቶኑ ክዳኑን እስከ መምታት ይደርሳል። ብሎኑንም ከመካከል ወደ ዳር፥ በየደረጃው፥ ኀይሉን በሚለካ ቁልፍ ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ቁልፍ የሌለው ጋራዥ መልካም ጓርኒሲዮን ቢገዛ ምን ይጠቅመዋል?

ስለዚህ የየመሥሪያ ቤቱ የግዢ ክፍል በሚያወጣው ዝርዝር ላይ የሞተሩን ቁጥር፥ የጓርኒሲዮኑን ዓይነትና ውፍረት፥ አስቤስቶስ የሌለበት መሆኑንም ጭምር እንዲጽፍ እናሳስባለን።