የቅሬ ዳኛችንን እናውቀዋለን፤ የምክር ቤቱን ሰውዬስ?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሐረጎን ስንወርድ አጠገቤ ከተቀመጡ አባት ጋር የምርጫ ወሬ ጀመርን። «አባባ፣ ለመሆኑ በክልል ምክር ቤት የወከለዎት ማን ነው?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «የቅሬ ዳኛችንን ነው?» አሉኝ። «አይ፣ ባሕር ዳር ሄዶ የሚሰበሰበውን ነው» ስላቸው ሳቁ። «እሱማ ልጄ፣ አንድ ቀን መጥቶ እጁን አውለብልቦልን ሄደ።» ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ኮምቦልቻ ደርሼ ስወርድ ግን አፈርኩ። እኔም ስሙን አላውቀውም።

አንተስ ታውቀዋለህ? አንቺስ? ጉግል ሳታደርጉ መልሱ።

ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ ወሎ ውስጥ ግን ከቀብርም ያልፋል። ጠብ ያበርዳል፣ የሰፈር ጉዳይ ይመክራል፣ ያጠፋን ይቀጣል። ዳኛው ለቅሶ ላይ ካልተገኘ ይጠየቃል። ገንዘቡን ካላወራረደ ይጠየቃል። ካልጣመን እናወርደዋለን። የሾመው ጎረቤቱ ነው፣ የሚሽረውም ያው ጎረቤቱ ነው። የምክር ቤት አባል ሥልጣን እንዲህ አይሠራም። ዕጩ የሚያደርገው ፓርቲ ነው፣ የሚያሳድገው ፓርቲ ነው፣ የሚጥለውም ፓርቲ ነው። እኛ መሀል ላይ ለአንድ ቀን ብቅ ብለን ጣታችንን ቀለም ነክረን እንመለሳለን።

ቁጥሩን እዩት። በ2002 ምርጫ ከ547 የፌዴራል ምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ። በ2007 ደግሞ አንድም ሳይቀር 547ቱን። በ2013 ብልጽግና 410 ሲያገኝ አብን 5 አገኘ። ይህን ሁሉ የሕዝብ ፍቅር ነው የሚል ካለ አልከራከረውም፤ እስቲ መጀመሪያ የወረዳውን ተወካይ ስም ይንገረኝ።

እንዲህ ባለ ምክር ቤት ውስጥ የገባ ሰው የሚወጣባቸው በሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ዝምታ ነው፤ እጅ እያወጡ አምስት ዓመት መጨረስ። ብዙኃኑ የሚሄድበት ይኸኛው ነው። ሁለተኛው ሹመት ነው። አቶ ግርማ ሰይፉን አስታውሱ፤ ከ2002 እስከ 2007 በዚያ ሁሉ ወንበር መሀል ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ ነበሩ። በኋላ ኢዜማ ገቡ፣ ከ2013ቱ ምርጫ በኋላም የአዲስ አበባ ኢንቨስትመንት ኮሚሽንን እንዲመሩ ተሾሙ። ሹመት ኃጢአት አይደለም። ግን ከአሸናፊው የሚሰጥ ነው እንጂ ከመራጩ አይደለም። ሦስተኛው በር የእስር ቤት ነው።

በሦስተኛው በር የገቡት አቶ ዮሐንስ ቧያለው ናቸው። የሰውዬው የፖለቲካ ሕይወት ራሱ ትምህርት ነው። ተቃዋሚ ሆነው አልጀመሩም። የገዢው ፓርቲ የውስጥ ሰው ነበሩ፤ የአዴፓ ማዕከላዊ ኮሚቴ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበሩ፣ የውጭ ግንኙነት ስትራቴጂያዊ ጥናት ተቋምንም መርተዋል። በ2013 ለአማራ ክልል ምክር ቤት ተመረጡ። ከዚያ እዚያው ወንበር ላይ ሆነው መንግሥትን መተቸት ጀመሩ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን ታሰሩ። የፌዴራል ምክር ቤቱ አባል አቶ ክርስቲያን ታደለም እንዲሁ። እኚህኛው የመንግሥት ወጪ ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው በኦዲት ግኝት መሥሪያ ቤቶችን ሲያፋጥጡ በቴሌቪዥን ያየናቸው ሰው ናቸው። ያለመከሰስ መብታቸው የተነሳው ከታሰሩ ከወራት በኋላ ነው። ቀጥሎ የሽብር ክስ መጣ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ የሚለው ግልጽ ነው፦ በከባድ ወንጀል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር አባሉ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም። ፈቃዱ ይቀድማል፣ እስሩ ይከተላል። እዚህ ግን ጋሪው ከፈረሱ ቀደመ።

«ወንጀል ከሠራስ?» ትሉኛላችሁ። ይጠየቅ! ክሱን ፍርድ ቤት ይየው፤ እኔ ዳኛ አይደለሁም። ሰውዬውን ውደዱት እያልኩም አይደለም። ያለመከሰስ መብት ግን የዮሐንስ የግል ንብረት አይደለም፣ የመራጩ ነው። የተናገረ ተወካይ ቀድሞ ከታሰረ ፈቃዱም ኋላ ከመጣ፣ የቀሩት አባላት የሚማሩት ትምህርት አንድ ብቻ ነው፤ ዝም በል።

«ጊዜው አስቸኳይ ነበር» የሚልም አለ። እሱማ ነበር። ታዲያ ተወካይ የሚያስፈልገን መቼ ነው? በበጋ ተዘርግቶ ዝናብ ሲመጣ የሚታጠፍ ጃንጥላ ምን ይሠራል?

እኛ ወሎዬዎች የዝምታን ዋጋ ከማንም በላይ እናውቃለን። በ1965 እና በ1966 ወሎ በረሃብ ሲረግፍ አዲስ አበባ ላይ የተመረጡ እንደራሴዎች ያሉት ፓርላማ ነበር። ዓለም ረሃቡን ያወቀው ግን ከእንደራሴ አፍ ሳይሆን ከእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ከጆናታን ዲምብልቢ ካሜራ ነው። በ2014ም አየነው። ከሰሜን የተፈናቀለው ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞልቶ ነበር። በጥቅምት መጨረሻ ደሴም ኮምቦልቻም በሕወሓት ኃይሎች ተያዙ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ አልተለቀቁም። የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። የቅሬ ሰዎች ሬሳ ቀበሩ፣ እንጀራ አዋጡ። ከዚያ በኋላ ተወካያችን ሰፈር መጥቶ «ስለ ጠፋው ንብረታችሁ ይህን ጠየቅሁ፣ ይህን መለሱልኝ» ያለው የት ነው? እኔ ሰፈር አልመጣም። እናንተ ሰፈር መጥቶ ከሆነ ንገሩኝ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ እዚህ ጋ እኛም ተቀምጠናል። የአርሴናልን ተቀያሪ ተጫዋች ስም በቃላችን የምናውቅ ትውልድ ነን። ፒያሳ ቁጭ ብለን ቡናችንን እየጠጣን «ፖለቲካ ቆሻሻ ነው» እንላለን። ቆሻሻ ነው ብለህ ስትተወው የሚያጸዳልህ ማን መሰለህ? ተወካዩ ሲናገር ካልሰማነው፣ ሲታሰርም አናጣውም። ያላወቅነውን ሰው ማን ጮኾ ይጠይቅልን?

ያው አንቀጽ 54 የመራጩን አመኔታ ያጣ አባል በሕግ መሠረት ይነሳል ይላል። ሲሠራበት ያየ ካለ እጁን ያውጣ። እስከዚያው ግን ሦስት ነገር መጠየቅ እንችላለን፣ ሦስቱም ገንዘብ አይፈልጉም። አንደኛ፣ የያንዳንዱ አባል ድምፅ በስሙ ይታተም፤ ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ፣ ማን ቀረ። ሁለተኛ፣ ምክር ቤቱ ሲዘጋ ተወካዩ ደሴም ኮምቦልቻም መጥቶ፣ ካድሬ ያልመረጠው ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ያለመከሰስ መብት ሊነሳ ሲል መራጩ አስቀድሞ ይወቅ፣ ማስረጃውም በግልጽ ይቅረብ።

ይህ የፈረንጅ ዴሞክራሲ አይደለም። የእናቴ ቅሬ ያለ ሕገ መንግሥት፣ ያለ አበል፣ በአንድ ደብተር ሲሠራው የኖረ ነገር ነው። ስም ይጠራል፣ የቀረው ይመዘገባል፣ የጠፋበት ምክንያት በሰው ፊት ይነገራል።

ቀጣዩ ዕጩ እጁን እያውለበለበ ሲመጣ አትሳቁለት። ስሙን ጠይቁት፣ ጻፉት። ከዚያ ልክ እንደ ቅሬው ደብተር፣ በቀረ ቁጥር ምልክት አድርጉበት።